በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ማከራየት፦ ከኪራዩ ምን ይተርፋል?

ደላላ ቤት ሲያሳይ የማትቀር አንዲት አባባል አለችው፤ «ይቺ ቤት ተኝተው የሚበሉባት ናት» ይላል። ሰኞ ገበያ ጀርባ ያለች አሮጌ የጭቃ ቤትም ትሁን ኮምቦልቻ ላይ ልስኗ ገና ያልደረቀ ባለ አንድ ፎቅ፣ አባባሉ አይለወጥም። እኔ ደሴ ላይ የእናቴን ግቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጅዳ የምትሠራውን የእህቴን ቤት ሳስተዳድር ዓመታት አልፈዋል። ተኝቼ የበላሁበት ወር ትዝ አይለኝም። ክረምት ሲመጣ ሌሊት ተነሥቼ አሸንዳ ስጠርግ፣ የሁለት ተከራዮች የመብራት ጠብ ስዳኝ፣ ሐምሌ ላይ ግብር ልከፍል ስሰለፍ ነው የኖርኩት። ቤት ማከራየት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ነው ማለቴ ነው። ሥራ ደግሞ ሒሳብ አለው። ብዙ ሰው ግን ቤት የሚገዛው በዓይኑ ነው።

ስለዚህ ከሒሳቡ ልጀምር። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እርስዎ በሰፈርዎ ዋጋ ይተኳቸው። አንድ ቤት በ4,000,000 ብር ተገዛ እንበል። ዋናው ቤትና ሰርቪሶቹ ተደምረው በወር 24,000 ብር ያስገባሉ፤ በዓመት 288,000 ብር ማለት ነው። ደላላው እዚህ ላይ ያቆማል። ደብተር የያዘ ሰው ግን ይቀጥላል። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ መሐል ላይ ቀለም እስኪቀባ፣ በዓመት ውስጥ በድምሩ የአንድ ወር ኪራይ ይባክናል፤ 264,000 ቀረ። ለቆርቆሮ፣ ለቧንቧ፣ ለመጸዳጃ ጉድጓድ ማስመጠጫና ለልስን የቤቱን ዋጋ አንድ በመቶ፣ ማለትም 40,000 ብር ያስቀምጡ። አንዳንድ ዓመት ይህ ብር ሳይነካ ይቀራል፣ አንዳንድ ዓመት አይበቃም። 224,000 ሆነ። ግብሩ 35,000 ይሁን፤ ለደላላ፣ ለጋራ መብራትና ለጥቃቅኑ ሁሉ 9,000። በእጅ የሚቀረው 180,000 ብር ነው። ከአራት ሚሊዮኑ ጋር ሲተያይ 4.5 በመቶ።

ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በዚህ ሂሳብ ያው አራት ሚሊዮን ብር ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 280,000 ብር ያመጣ ነበር፤ አሸንዳ መጥረግም የለበትም። (ወለድ የማይነካ ሰው ንጽጽሩን ሱቁ ከሚያመጣለት የንግድ ትርፍ ጋር ያድርገው።) ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ብሩ ባንክ ተቀምጦ ሲሟሟ ቤቱ ስለማይሟሟ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ የግንባታ ዕቃ ሁሉ አብሮ ተወደደ፣ ቀድሞ የሠራ ሰውም ንብረቱ በብር ሲቆጠር አደገለት። ይህ ትርፍ እውነተኛ ነው። ግን የኪራይ ትርፍ አይደለም፤ እጅ የሚገባው ቤቱ የተሸጠ ዕለት ነው፣ እስከዚያ ድረስ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም። በብድር የሚገዛ ሰው በተለይ ሁለቱን አያቀላቅል። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ከኪራዩ ከበለጠ ልዩነቱ የሚወጣው ከደመወዙ ወይም ከሱቁ ነው፤ ያም ባዶ ወር ሳይቆጠር።

አሁን ገጹን ገልብጠን ሌላ ሒሳብ እንሥራ። ጓሮው ሰፋ ያለ አንድ ሰው አራት ክፍል ሰርቪስ ከነመጸዳጃው በ800,000 ብር ሠራ፤ እያንዳንዱን በ3,000 ብር አከራየ። በዓመት 144,000 ብር ይገባል። ባዶውን ወር፣ ጥገናውንና ግብሩን ቀናንሶ 100,000 ቢተርፈው 12.5 በመቶ ነው፤ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሚስጥሩ የመሬቱ ዋጋ ድሮ ተከፍሎ ማለቁ ነው። ግቢ ያለው ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ ሌላ ቤት ከማሳደድህ በፊት ጓሮህን ለካ የምለው ለዚህ ነው። የማስፋፊያ ፈቃድ ግን ከማዘጋጃ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ኪራይ ያመጣል፤ መንገድ ሊሰፋ የመጣ ዕለት ግን ካሳ አያመጣም። በኮሪደር ልማት ጊዜ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ብዙ ነው።

የሚገዙ ከሆነ፣ ደሴ ላይ ከሳሎኑ በፊት ተዳፋቱን ይዩ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠ ነው። ከገደሉ ሥር ዘመን ያከማቸው ልቅ አፈርና ድንጋይ ላይ የተሠራ ሰፈር ጥቂት አይደለም። የመሬት መንሸራተት ለደሴ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ደጋግመው ያጠኑት ጉዳይ ነው። ነገሩን የሚያነሣሣው ውኃ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ወደ ልቁ አፈር ይሰርጋል፤ አፈሩ ይከብዳል፣ በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውኃ ደግሞ አንዱን ከሌላው እየገፋ መያያዛቸውን ያላላል። ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ድርብርብ ካገኘ እዚያ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከበላይዎ ያለው ጎረቤት የመጸዳጃ ጉድጓዱ የሚያሰርግ ከሆነ፣ የእርስዎ መሬት ክረምትን አይጠብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ይርሳል።

ምልክቶቹን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ድሮ ይዘጋ የነበረና አሁን የሚጣበቅ በር፣ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ ወይም ከሥሩ የጎበጠ ባሕር ዛፍ፣ በጥር ወር እንኳ የሚረጥብ ጓሮ ካዩ ቆም ይበሉ። ሊሸጥ ሲል ቀለም የተቀባ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ጣቴን በመስኮቱ ማዕዘን ላይ አስኬዳለሁ፤ በጂፕሰም የተደፈነ ስንጥቅ ከዓይን ቢሰወርም ከጣት አያመልጥም። የሚቻል ከሆነ ቤቱን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ ይዩት። በግንቦት የታየ ደሴ ሌላ ከተማ ነው።

የድጋፍ ግንቡን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ ያጣሁት ብር ትልቁ እዚያ ነውና። እናቴ ግቢ ከበላይ በኩል ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የድንጋይ ግንብ አሠራን። ግንበኛው ድንጋዩን አሳምሮ ደረደረ፣ ሲሚንቶውን አልሰሰተም፤ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ግን አንድም አልተወለትም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ክረምት ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ፣ በሦስተኛው ወደ ሰርቪሱ ተደፋ። ደግነቱ ቀን ነበረ፣ ሰው አልነበረበትም። ግንብ የሚሠራው አፈር እንዲይዝ ነው፤ ቀዳዳ ከሌለው ግን ግድብ ሆኖ ውኃ ያቁራል፣ የተጠራቀመ ውኃ ደግሞ ከደረቅ አፈር እጅግ የበለጠ ይገፋል። ሁለተኛውን ስናሠራ ከጀርባው ጠጠር ሞላን፣ በየሜትር ተኩሉ የፕላስቲክ ቱቦ አስገባን፣ ከላይ ደግሞ የዝናቡን ውኃ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወስድ መስመር ቀደድን። ቤት ሊገዙ ሄደው ግንብ ካዩ ቀዳዳውን ይፈልጉ፤ ካገኙም በክረምት ውኃ ይወርድበት እንደሆነ ይጠይቁ። የተደፈነ ቀዳዳ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ካፖርቱም ይወልቃል። ሜዳው ላይ የሚፈራው ቦርከናና ገባሮቹ ክረምት ላይ የሚያመጡት ደራሽና፣ በአንዳንድ ቦታ፣ ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ወደ ጠንካራው መሬት ማውረድ አለበት፤ በመሠረት የቆጠበው ብር በግድግዳ ስንጥቅ ይመለስበታል። የኮምቦልቻ ትልቁ ጥያቄ ግን የሚከራየው ማን ነው የሚለው ነው።

ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ከ2009 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። የፓርኩ ሥራ ሲደራ የተረዱት ሰዎች በረድፍ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሠሩ፤ ሦስትና አራት ሴት ልጆች ተጋርተው ይከራዩታል። ገንዘቡ በየወሩ፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ይመጣል። እኔም የእህቴን ቤት በዚያው መንገድ ነበር ያከራየሁት፤ ስድስቱንም ክፍል ለፋብሪካ ልጆች። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ያዘ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። ወዲያው በታኅሣሥ፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የምትገባበትን የአጎዋ ዕድል አጣች፤ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ የሚልክ ፋብሪካ ሁሉ ተመታ። ስድስቱ ክፍሎቼ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኑ። ጦርነቱን ማንም ሊከላከለው አይችልም ነበር፤ ስድስቱም ክፍል በአንድ ፋብሪካ ደመወዝ ላይ መንጠልጠሉ ግን የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ሁለቱ የፋብሪካ ልጆች፣ አንዱ የሹፌር ቤተሰብ፣ አንዱ መምህር፣ ሁለቱ ነጋዴዎች ናቸው። ከተማው አንድ በር ሲዘጋበት ሌላው በር አብሮ እንዳይዘጋብኝ ነው።

የኮምቦልቻን ኪራይ ጣሪያ የሚወስነውም ያው የፋብሪካ ደመወዝ ነው። ክፍሉን በሴራሚክ ቢያስጌጡት ተከራይዋ የምታገኘው ደመወዝ ስለማይጨምር ኪራዩም አይጨምርም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ፣ የሚቆለፍ በርና ንጹሕ ሽንት ቤት ግን ተከራይን ያቆያሉ። ደሴ ላይ ተከራዩ የተለያየ ነው፤ የሆስፒታል ባለሙያ፣ የዩኒቨርሲቲና የግል ኮሌጅ ሰው፣ የፒያሳና የአራዳ ነጋዴ፣ ከየወረዳው ልጆቹን ሊያስተምር የመጣ ቤተሰብ። ኪራዩ ለመንገድና ለውኃ ባለው ቅርበት ይመዘናል። ባጃጅ የማይወጣው ዳገት ላይ ያለ ቤት፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የኪራዩ ዋጋ እታች ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ ነገር ልበል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቤት ገዛን ስንል የገዛነው ግንባታውንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ያ መብት ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። ሊዝ ከሆነ በአዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንዳለፈና የሊዝ ዕዳው ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ አለብዎ፣ ዕዳው ከቤቱ ጋር ይመጣልና። ከተማው ዳር ከአርሶ አደር በመንደር ውልና በሦስት ምስክር የሚሸጥ መሬት ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀበሌ ቤትም አይሸጥም። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት የሆነ ቤት ነው፤ «መብቱን ልሸጥልህ» የሚል ሰው የሚሸጠው የራሱን ነዋሪነት ነው፣ እሱም አይሸጥም።

ካርታው ንጹሕ ከሆነ በኋላ የሻጩን ቃል አይቀበሉ፤ ከመሬት አስተዳደሩ ማኅደሩ ይውጣና ዕግድና የባንክ መያዣ እንደሌለበት ይታይ። ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ የጋራ ቤት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም፣ ለኪራይም ቢሆን የሁለቱ ስምምነት ይፈለጋል። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ፣ ሪያድ ያለውም፣ ሐራ ያለችውም። ሽያጩ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይህን ይጠይቃል። በሽማግሌ ፊት የተከፈለ ሙሉ ዋጋ፣ ውሉ ካልተመዘገበ፣ በፍርድ ቤት የቤት ባለቤት አያደርግዎትም።

በእኛ አገር የብዙ ቤት ብር የሚመጣው ከዐረብ አገር ነው፤ እህቶቻችን በሰው ቤት ሠርተው የላኩት። ከዚህ የሚነሣውን ጠብ ያልሰማ የወሎ ሰው የለም። ልጅቱ ትልካለች፣ ወንድም ወይም አጎት ይሠራል፣ ካርታው በሠሪው ስም ይወጣል። ከስድስት ዓመት በኋላ ስትመጣ በራሷ ቤት እንግዳ ትሆናለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መሬቱም ፈቃዱም ከመጀመሪያው በእርሷ ስም ይሁን፣ ሠሪው በውክልና ይሥራ። ውክልናው በኢትዮጵያ ቆንስላ ተረጋግጦ ይመጣል፤ እዚህ ደግሞ ማረጋገጫውን ጨርሶ ይመዘገባል። የውክልናን ዓይነት መለየት ደግሞ ይጠቅማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የማስተዳደርን ሥራ ነው፤ ቤቱን መጠገን፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት። ለመሸጥ ወይም በባንክ ለማስያዝ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እህቴ ለእኔ የሰጠችኝ የማስተዳደሩን ብቻ ነው። «አታምኚኝም ወይ?» አላልኳትም፤ ደስ ነው ያለኝ፣ ቤተሰብ ለቤተሰብ እንዲህ ሲሆን ነው የሚከባበረው። ኪራዩም በቀጥታ በእርሷ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ እኔ የጥገናውን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቼ በኢሞ እልክላታለሁ።

ወደ ኪራይ ውሉ እንምጣ። መጋቢት 2016 ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሆናል፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ይወሰናል። አፈጻጸሙ በየክልሉና በየከተማው ስለሚለያይ በእርስዎ ቀበሌ ምን እየተሠራበት እንደሆነ ከከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይፈርሙ። ሱቅ በዚህ አዋጅ አይገዛም፤ እዚያ ላይ ሕጉ የእናንተው ውል ነው፤ በተለይ ተከራዩ ቁልፉን ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ በግልጽ ይጻፍ።

አዋጁን የሚያማርር አከራይ ብዙ ነው። እኔ ግን ስለ ሁለት ዓመቱ አላማርርም፤ ከላይ ያየነው ሒሳብ ውስጥ ትልቁ ቀዳዳ ባዶ ወር ነውና። በየዓመቱ በወር 300 ብር ለመጨመር ሲል ተከራይ የሚቀያይር ሰው በዓመት 3,600 ብር አገኘሁ ብሎ የአንድ ወር ኪራይ፣ የደላላና የቀለም ያወጣል።

ወለድ አገድ የሚባለውም በሁለቱም ከተሞች አለ። ተከራዩ ለምሳሌ 300,000 ብር በአንዴ ይሰጣል፣ ያለ ኪራይ ይቀመጣል፣ ሲወጣ ብሩን ይወስዳል። ለአከራዩ ነፃ ገንዘብ ይመስላል። ቤቱ በወር 4,000 ብር ይከራይ ከነበረ ግን በዓመት 48,000 ብር እየተወ ነው፤ ይህ 16 በመቶ የከፈለበት ብድር ነው። ብሩ ሥራ ላይ ውሎ ከዚያ በላይ ካመጣለት ተገቢ ነው፣ ለሠርግ ካዋለው ዕዳ ነው። በቃል ብቻ ደግሞ አይደረግም፤ ሕጉ እንደ መያዣ ስለሚያየው በጽሑፍና በምዝገባ መሆን አለበት። ሃይማኖታዊ ፍርዱን የሚጠይቅ ሰው ዑለማ ይጠይቅ፤ እኔ የማውቀው የብሩን በኩል ነው።

ግብር ላይ አጭር ልሁን። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 «ሠንጠረዥ ለ» ላይ ነው፤ ክልሉም በራሱ ሕግ በዚያው መንገድ ያስከፍላል። እርከኖቹ በ2017 በአዋጅ 1395 ተሻሽለዋልና አዲሱን ሠንጠረዥ ከገቢዎች ይውሰዱ። ለግለሰብ ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው፤ ይህ ማለት ግን ኪራዩ ሁሉ በ35 ይመታል ማለት አይደለም፣ በዚያ እርከን ውስጥ የገባው ብር ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግብር ለማሳነስ ውሉ ላይ 8,000 የሆነውን ኪራይ 3,000 ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። ተከራዩ አልከፍልም ያለ ቀን ፍርድ ቤት የሚያየው 3,000ውን ነው። ተከራዩም ይህን ያውቃል፤ ሚስጥርዎን ይዞ ነው ቤትዎ ውስጥ የሚቀመጠው።

ከሕግም ከግብርም ይልቅ አከራይን ዕለት ዕለት የሚያደክመው ግን ምጣድ ነው። አንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ ያገለግላል፤ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ፣ አንዷ ብቻዋን ነች፣ አምፖል እንጂ ሌላ የላትም። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ በአምስት እኩል ሲካፈል ጠቡ ይጀመራል፣ የምትወጣውም ጸጥተኛዋ ልጅ ናት። ለእያንዳንዱ ክፍል የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት መጀመሪያ ያስወጣል፤ እኔ ዘንድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከባዶ ክፍል ባዳነኝ ኪራይ ተመልሷል። ሽቦውም መታየት አለበት። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ይግላል፣ ኮርኒሱ ውስጥ ደግሞ ሲግል የሚያየው የለም። እኛ ግቢ ለብቻው ወፍራም መስመር ያለው አንድ ማድ ቤት አለ፤ መጋገሪያ ቀን ተከፋፍለውታል። ተራውን የወሰኑት ተከራዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ ብወስነው ኖሮ አንዷ ቅር ይላት ነበር።

ጥገናውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይጨርሱ። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሠሪ ፈልጎ ማግኘትም፣ በዋጋ መከራከርም አይቻልም። ሚስማሩ የላላ ቆርቆሮ፣ ቅጠል የሞላ አሸንዳና የተደፈነ ቦይ፣ እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የክረምቱ ግማሽ ጭንቀት አለቀ።

ተከራይ ሲቀበሉ መታወቂያውን ኮፒ ያድርጉ፣ የሥራ ቦታውን ይጠይቁ፣ ዋስ ካለው መልካም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመኝ ግን ቀድሞ የተከራየበትን ሰው ስልክ መቀበል ነው። የአሁኑ አከራይ እንዲለቅለት ሲል ሊያሞግሰው ይችላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግን እውነቱን ይናገራል። ሳይከፍል ከቆየ መብራት አይቁረጡ፣ ዕቃም አያውጡ፤ ባለገንዘብ የነበሩት ሰው በአንድ ቀን ተከሳሽ ይሆናሉ። በጽሑፍ ያስጠንቅቁ፣ ሽማግሌ ይላኩ፣ ካልሆነ ውሉን ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ። ሽማግሌ ስል ልማድ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ደሴ ላይ ሰው ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይልቅ የሰፈሩ ሽማግሌ በሩን ሲያንኳኳ ያፍራል፣ ሁለት ጊዜ በዚህ መንገድ ውዝፍ ተከፍሎኛል።

ሲገባ ክፍሉን ከነመስታወቱ፣ ከነቧንቧው በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ሲወጣም በዚያው ፎቶ ያስተያዩ፣ የቆጣሪውን ቁጥር አብረው ያንብቡ፣ ማስያዣ ካለው በዕለቱ ይመልሱ። ከዚያ ጓጉንቸሩን ይቀይሩ፤ ቁልፉን ስንቱ ሰው እንዳስቀረጸው የሚያውቅ የለምና።